በማን በኩል? የትውልድ ቆጠራና የጎጃም ጉዞ

የእኛ ሰው የቤተ ሰብ ስም የለውም። ልጅ በራሱ ስም ይጠራል፤ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱ፣ ከዚያም የአያቱ ስም ይከተላል። አዲስ ትውልድ ሲመጣ ከፊት አንድ ስም ይጨመራል፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ስም ይወድቃል። የወደቀውን ስም የሚይዘው ወረቀት ሳይሆን የሽማግሌ አፍ ነው። ይህ የስም ገመድ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ ግን መንቀሳቀሱን ያቆማል። በስደተኛው ወረቀት ላይ በመጨረሻ የሰፈረው ስም የቤተ ሰቡ ስም ሆኖ ይጸናል፤ ልጅም፣ የልጅ ልጅም በዚያው ይጠራል። እኛ በምንኖርበት በሞንትቤሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በዴንቨር ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ በባዶ ሜዳ ላይ መሠራት በጀመረው ሰፈር፣ ዕድሜውን በሙሉ በበሬ ሲያርስ የኖረ የጎጃም ገበሬ ስሙ በፖስታ ሣጥን ላይና በትምህርት ቤት የስም ጥሪ ላይ ይገኛል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይል እዚያው ቆሟል።

ይህ የስም መቆም ቀላል ነገር ይመስላል። ክብደቱ የሚታወቀው ጋብቻ ሲመጣ ነው። በአውሮራም ሆነ በዴንቨር ልጆቻችን እርስ በርስ ሲፈላለጉ፣ የወላጆች የመጀመሪያ ጥያቄ ዛሬም ያው የጥንቱ ነው፤ «የማን ልጅ ናት? የማን ልጅ ነው?» ይባላል። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡምና ሰባት ቤት መቆጠር አለበት። ወላጆች ስልክ ያነሣሉ፤ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ አዲስ አበባ ይደውላሉ። በሌላኛው ጫፍ የሚመልሰው ሰው በየዓመቱ እያነሰ ሄዷል። ይህ ጸሐፊ በጥር 2010 ዓ.ም. ወደ ጎጃም ያደረገው ጉዞም መነሻው ይኸው ነው። የሚመልስ አፍ ሳይዘጋ፣ ሰባቱን ቤት ከምንጩ ለመስማት ነበር።

ጎጃምን ለማያውቅ አንባቢ የአገሩን መልክ በጥቂቱ መግለጥ ይገባል። አባይ ከጣና ሐይቅ በባሕር ዳር በኩል ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ታጥፎ አገሩን እንደ መቀነት ይከባል። ስለዚህ ነው የጎጃም ሰው ስለ አገሩ ሲናገር «ከአባይ እስከ አባይ» የሚለው። በመካከሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጮቄ ተራራ ይቆማል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም የሚያልፈውን ዋና መንገድ ትቶ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ሽቅብ የወጣ ሰው ደጋ ዳሞት ይደርሳል። የወረዳው ከተማ ፈረስ ቤት ይባላል። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ማለዳ ውርጭ የሚጥልበት፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በጽድና በወይራ ተከበው ከሩቅ እንደ ጨለማ ደሴት የሚታዩበት አገር ነው።

በአንዱ ደብር አጠገብ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ዕድሜያቸው ከሰማንያ የዘለለ፣ በወጣትነታቸው ሁለት ጊዜ የርስት ሙግት የቆሙ ሰው ናቸው። ከቃል የያዝኳቸውን አምስት የአባት ስሞች በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው ሰሙኝና፣ «ይህስ መልካም፤ ግን በማን በኩል ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ከጎናቸው የተቀመጠ ጎልማሳ ሳቅ ብሎ፣ «መሬት ሊጠይቅ ይሆናል» አለ። ሽማግሌውም፣ «መሬቱማ የመንግሥት ነው፤ ምን ልትካፈል መጣህ፣ ልጄ?» አሉ። «ስም ልካፈል ነው፣ አባቴ» ብዬ መለስኩ።

ያ ጥያቄ፣ «በማን በኩል?» የሚለው፣ የአንድ ሽማግሌ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አንድ ሙሉ ሥርዓት በውስጡ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ ያጠናው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያወጣውም ይህንኑ ሥርዓት ነው። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ አገር መጀመሪያ መሬቱን ያቀናው ዋና አባት አለው ተብሎ ይታመናል። መሬቱ በዋና አባት ልጆች፣ ማለትም በምንዝር አባቶች ስም ይከፋፈላል። ከእነርሱ በአንዱ በኩል መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት የቻለ ሁሉ ርስት የመካፈል መብት አለው። ቆጠራውም በአባት ብቻ የሚሄድ አልነበረም። በእናት፣ በአያት እናት፣ በማንኛዋም ሴት በኩል የመጣ ተወላጅ እኩል ይቆጠር ነበር። በተወላጆች ስም የሚከራከረው «ፈጅ» እና ጭቃ ሹሙ ማን በማን በኩል እንደሚወለድ የማወቅ ግዴታ ነበረባቸው፤ ባላጋራም የሐሰት ቆጠራ ሲቀርብ ተነሥቶ ይቃወማል። ስለዚህ የትውልድ ቆጠራ የምሽት ጨዋታ ሳይሆን፣ በየጊዜው በችሎት የሚፈተን የሕግ ማስረጃ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ማስረጃው በሰው አእምሮ ውስጥ እስካለ ድረስ ክርክሩ ስለማይሞት ነው።

የስማችን አቆጣጠርና የርስታችን አቆጣጠር እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስም በአባት ብቻ ይሄዳል፤ ርስት ግን በሁሉም በኩል ይሄድ ነበር። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች እያለ ሲቆጥር በሰባተኛው ቤት 128 ይደርሳል፤ የሰባቱ ቤት ጠቅላላ ድምር 254 ነው። በአባት ስም ብቻ ሰባት ቤት የቆጠረ ሰው፣ ምንም እንኳ በአደባባይ ቢመሰገን፣ ከ254ቱ የሚያውቀው 7ቱን ብቻ ነው። የቀሩት 247 ሰዎች፣ ከመካከላቸውም ሴቶቹ ሁሉ፣ ከስሙ ውጭ ናቸው።

የእኔም ጉዳይ ከዚህ አላለፈም። ሽማግሌው እንዳስረዱኝ አያቴ በዚያ ደብር ያረሰው በአባቱ በኩል አልነበረም። አባቱ ከሌላ ወረዳ ለጋብቻ የመጣ ሰው ነው። ርስቱ የእናቱ ነበር። «አገራችን» እያልን ለልጆቻችን የምንነግረው፣ ሥዕሉን በሞንትቤሎ ሳሎን የምንሰቅለው ደጋ አገር ስሟ በማንኛችንም ስም ውስጥ የሌለ የአንዲት ሴት አገር ነው።

ከእርሷ ወደ ላይ ሲቆጠር ደግሞ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉበት አንድ ሰው አለ። ሁለት ስም ነበረው። አንዱ በጥምቀት የወጣለት ነው፤ ሌላው ከአባይ ማዶ ይዞት የመጣው የኦሮሞ ስም ነው። እንዴት እንደ መጣ ስጠይቃቸው፣ «መጣ፤ አገባ፤ ተወለደለት፤ ልጆቹ ተካፈሉ» ብለው በአምስት ቃል ዘጉት። ያ ዝምታ የራሱ ታሪክ አለው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ፣ ከአባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅና ባሪያ የሚመጣበት ታላቅ ገበያ ነበር። የጎጃም መኳንንት በደቡብ በኩል አባይን ተሻግረው ይዘምቱ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የተዋጉትም የአባይ ማዶን አገሮች ማን ይግዛ በሚል ነው። በእነዚህ ዘመናት ወንዙን ተሻግሮ ከመጣው ሰው ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ምርኮኛውም፣ የተሸጠውም ይገኝበታል። ቆጠራ የሚያውቅ ሽማግሌ የአመጣጡን ነገር በዝምታ የሚያልፈው፣ ልጆቹ ከተካፈሉ በኋላ ጥያቄው ተዘግቷል ብሎ ስለሚያምን ነው።

ይህ እንግዳ ነገር እንዳይመስል፣ የጎጃምን ትውልድ ራሱን ማን እንደ ጻፈው ማስታወስ ይበቃል። የጎጃምን ነገዶችና ቤቶች ሐረግ ከዳር እስከ ዳር ሰብስበው «የጎጃም ትውልድ በሙሉ፥ ከአባይ እስከ አባይ» በሚል ስም የሚታወቀውን ሥራ የጻፉት ሠዓሊና የታሪክ ጸሐፊ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። የአባታቸው ስም እንደሚመሰክረው፣ አለቃ ከአባይ ማዶ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ጎጃም የገቡ የኦሮሞ ልጅ ነበሩ። ግርማ ጌታሁን ሥራቸውን አሰናድቶ ለአንባቢ አቅርቦታል፤ የእንግሊዝኛው ትርጉምም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ጎጃሜ ሁሉ ሐረጉን የሚፈልግበት መጽሐፍ እንግዲህ የተጻፈው ተማርኮ በመጣ ሰው እጅ ነው። የአገሩን ሐረግ እንዲህ አጥብቆ መጠየቅ የሚያውቀው፣ ከውጭ መጥቶ በማን በኩል እንደሚገባ ማሰብ የነበረበት ሰው ሳይሆን አይቀርም።

የአገሩ ስምም ቢሆን መጤ ነው። በመካከለኛው ዘመን ዳሞት የተባለው መንግሥት ከአባይ በስተ ደቡብ ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት በኦሮሞ መስፋፋት ምክንያት ሕዝቡ ወንዙን ወደ ሰሜን ሲሻገር ስሙን ይዞ መጣ። ከዚያም በፊት አገዎች ነበሩ፤ ጋፋቶችም ነበሩ። አገውኛ በአዊ ዛሬም ይነገራል። ጋፋትኛን ግን ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲፈልግ ያገኘው ከጥቂት የመጨረሻ ተናጋሪዎች አፍ ነው፤ ዛሬ የሚናገረው የለም። እንግዲህ «ያቀና አባት» የምንለው ሰው ሰው ያልነበረበትን ዱር ብቻ አይደለም ያቀናው። ቆጠራ ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ ይጀምራል፤ የሚጀምርበትን ቦታ የሚመርጠው ግን ቆጣሪው ነው።

ያም ሆኖ ይህን ሥርዓት ከሚገባው በላይ ማወደስ ተገቢ አይሆንም። ርስት ለገባ ሰው ሰፊ ነበር፤ በሩ ለሁሉ ግን አልተከፈተም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው አብዛኛውን ጊዜ ርስት አልነበራቸውም። በክርስቲያኑ ደጋ ሙስሊሙም እንደዚሁ። እነዚህን ሰዎች የአገሩ ሰው ማረሻቸውን ይገዛል፣ ሸማቸውን ይለብሳል፤ በጋብቻ ግን አይቀላቀላቸውም፣ «ቡዳ» እያለም ይፈራቸው ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተከለከለ በኋላም፣ የቀድሞ ባሪያ ልጅ ልጅ ማን እንደሆነ የሚያስታውስ ሽማግሌ አልታጣም። ርስት ያስገኘ ቆጠራ ሰውን ለማራቅም አገልግሏል።

በዚህ ረገድ እኛ ብቻ አይደለንም። በኮሎራዶ ብዙ የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ይኖራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1945፣ ከሰባት ሺህ በላይ የሚሆኑ ሰዎች በዚሁ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ፣ በግራናዳ አጠገብ አማቺ በተባለ ሰፈር ታስረው ነበር። አብዛኞቹ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ፤ የታሰሩትም በአያቶቻቸው ምክንያት ብቻ ነው። ዛሬ የእነርሱ የልጅ ልጆች ወደ ጃፓን፣ እስከ ሰሜኑ የቶሆኩ አገር ድረስ፣ ሐረጋቸውን ፍለጋ ሲሄዱ ወረቀት ያገኛሉ። «ኮሴኪ» የተባለው የቤተ ሰብ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1872 በመላው አገር ተጀምሯል፤ በየቤተ መቅደሱም የሙታን መዝገብ አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚያ ዘመን የነበሩ ምሁሮቻችንም የዚያን አገር ሥርዓት በቅናት ይመለከቱ ነበር። ነገር ግን የጃፓን መንግሥት ያንኑ የ1872 መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1968 ለማንም እንዳይታይ ዘጋው። ምክንያቱም ጥንት ከተናቁት ወገኖች ማን እንደሚወለድ በመዝገቡ እየተፈለገ፣ ሰዎች ጋብቻና ሥራ ይከለከሉበት ስለነበር ነው። እኛ በሹክሹክታ የያዝነውን እነርሱ በቀለም ጻፉት፤ ጉዳቱ ግን ተመሳሳይ ነበር።

የእኛው የቃል መዝገብ የተዘጋበት መንገድ ሌላ ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ሸፈተ። ገብሩ ታረቀ ስለ ገበሬ ዐመፆች በጻፈው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ከግብሩ ይልቅ ያስፈራው የመሬት ልኬታው ነበር። መሬት ተለክቶ በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ ርስት አበቃለት ብሎ ያምን ነበርና። ጦር ተላከ፤ የጦር አውሮፕላንም ዘመተ። በመጨረሻ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ግብሩን ማሩ፤ ልኬታውም ቀረ። ገበሬው ከንጉሠ ነገሥቱ ያዳነው ርስት ግን ከሰባት ዓመት በኋላ በአንድ ቀን አዋጅ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ለሸማኔውና ለቀጥቃጩ፣ ለጭሰኛውና ለባሪያ ልጅ፣ ይህ ቀን መሬት የማግኘት ቀን ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በዚያው ቀን ግን «በማን በኩል?» የሚለው ጥያቄ በችሎት ዋጋ አጣ። የማይጠየቅ ነገር ደግሞ አይጠናም። ከዚያ በኋላ የተወለደ የጎጃም ልጅ ሰባት ቤት የሚቆጥርበት አንድ ምክንያት ብቻ ቀረው፤ እርሱም ጋብቻ ነው።

የዘር ነገር ግን በሌላ በር ተመልሶ ገባ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል «ቅሪት ፊውዳል» እና «ቢሮክራሲ» የተባሉ ገበሬዎች በቀድሞ ሥልጣን ስም ድርሻቸው እንዲያንስ ተደረገ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጠው፤ በደብተሩ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ሰፈረ። በስም ገመዳችን ውስጥ ፈጽሞ ያልነበረችው ሴት፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ከነፎቶግራፏ ተገኘች። ይህ መልካም ነው፤ ደብተሩ ግን የሚናገረው ዛሬ ማን እንደያዘ እንጂ ማን ከማን እንደተወለደ አይደለም።

ለሞንትቤሎ ነዋሪ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአሜሪካ ለሰው የማይቆጠረው ሐረግ ለቤት ይቆጠራል። ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱ ከማን ለማን እንደተላለፈ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይመረመርለታል፤ ቆጠራው የፌዴራሉ መንግሥት መሬቱን ለመጀመሪያው ባለቤት እስከ ሰጠበት ወረቀት ድረስ ይሄድና እዚያ ያበቃል። ከዚያ በፊት ይህ ሜዳ የአራፓሆና የሸያን ሕዝቦች እንደነበረ እ.ኤ.አ. የ1851 የፎርት ላራሚ ውል ራሱ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1864 የኮሎራዶ ወታደሮች በሳንድ ክሪክ ሰፍረው በነበሩት በእነዚሁ ሰዎች ላይ ዘምተው ከ200 በላይ ገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። የቤታችን ሐረግ ከዚያ ወዲህ ይጀምራል። እዚህም እንደ ዳሞት ቆጠራው የሚጀምረው ቆጣሪው በመረጠው ቦታ ነው።

ይህን የምጽፈው በዘር ቆጠራ ሰው በሚገደልበት ዘመን ነው። በኢትዮጵያ «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ በመንገድ ኬላ ላይ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል። በስደትም ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ አንዳንዴም ቤተ ክርስቲያኑ በዚሁ ጥያቄ ተከፍሏል። በሁሉም ወገን የሚጠራው ሐረግ ግን አጭር ነው፤ በአባት ስም ብቻ የሚሄድ፣ ሴቶቹን የሚዘል፣ ሁለት ስም የነበረውን ሰው አንዱን ስም ብቻ የሚያስቀር ነው። የቀድሞው የርስት ተከራካሪ ይህን የመሰለ ቆጠራ ይዞ ችሎት ቢቀርብ፣ «በማን በኩል?» ተብሎ ይጠየቅና መልስ ያጣ ነበር። ሙሉውን የቆጠረ ሰው ግን ከ254ቱ መካከል ወንዝ ተሻግሮ የመጣ፣ ቋንቋውን የለወጠ፣ ሁለተኛ ስም የወጣለት ሰው ማግኘቱ አይቀርም። ይህን ማወቅ ብቻውን ጦር አያስቆምም፤ «ንጹሕ ዘር» የሚለውን ክርክር ግን ማስረጃ ያሳጣዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት እኔ በ2010 ዓ.ም. እንደልቤ የሄድኩባቸው መንገዶች ለመንገደኛ አስጊ ሆነዋል። ስልኩም ለብዙ ጊዜ ሲቋረጥ ቆይቷል። ሽማግሌዎቹ ግን ሰላሙን ጠብቀው አያረጁም። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በአውሮራም ሆነ በሲያትል፣ በፍራንክፈርትም ሆነ በሜልቦርን፣ ስልክ በተገኘ ቀን የሚጠየቀው የጤና ነገር ብቻ አይሁን። እናትህን የእናቷን እናት ስም ጠይቃት። አክስትሽ የአያትሽ ርስት በማን በኩል እንደነበረ ታውቅ እንደሆነ ጠይቂያት። ከሌላ አገር የመጣውን ሰው ሁለቱንም ስሞቹን ጻፉ። በዝምታ የታለፈውንም፣ በዝምታ መታለፉን ጭምር ጻፉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1915 ዓ.ም. ያወጡትን የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ «በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ» ብለውታል። ለታላላቆቹ የተደረገው ለገበሬውና ለሚስቱም ይገባል።

እኔ የሰማሁትን በአንድ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ያ የኦሮሞ ስም በውስጡ አለ፤ ያቺ ባለ ርስት ሴትም አለች። ከሰባቱ ቤት ውስጥ ያልሞሉ ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱም መስመሩን ባዶ ትቼዋለሁ። ልጆቼ ከነባዶ መስመሩ ይረከቡታል።